ማይክ ሲሰጥዎ በራስዎ ድምፅ እንዴት እንደሚናገሩ

ወሎ ውስጥ ጨዋታ አዋቂ አይጠፋም። ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ዱዓ የሚያደርግ፣ ወግ የሚያመጣ፣ የተቀያየመ ጎረቤት የሚያስታርቅ አለ። ያው ሰው ግን የሰርግ ድንኳን ውስጥ ወይም የወላጆች ስብሰባ ላይ ማይክ ሲሰጠው ጉሮሮው ይደርቃል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ከአፉ የሚወጣውም የእሱ ያልሆነ የደብዳቤ አማርኛ ይሆናል። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም። ፍርሃቱ የሚበረታው በዚያች ሰዓት ሌላ ሰው ለመሆን ስንሞክር ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቡና ላይ የሚናገሩበትን ድምፅ ይዘው መድረክ ላይ ለመውጣት የሚረዳ ነው።

መጀመሪያ፦ ሰውነትዎ ምን እያደረገ እንደሆነ ይወቁ

ልብ የሚደልቀውና እጅ የሚያልበው ሰውነት አድሬናሊን ስለሚለቅ ነው። ለሩጫ ወይም ለትግል ሲዘጋጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ ምራቅ ይቀንሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ከባዱ ተራ የሚጠበቅበት ጊዜና የመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ እየበረደ ይሄዳል።

ሌላው ማወቅ ያለብዎ ነገር፣ አድማጭ የውስጥዎን ያህል እንደማያይ ነው። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ተናጋሪዎች ድንጋጤያቸው አድማጭ ከሚያየው በላይ የሚታይባቸው እንደሚመስላቸው አሳይተዋል። ይህን አስቀድመው የተነገራቸው ሰዎች ደግሞ ካልተነገራቸው የተሻለ ተናገሩ። እርስዎም አሁን ተነግሮዎታል። ጉልበትዎ ሲንቀጠቀጥ የሦስተኛው ረድፍ ሰው እንደማያየው ያስታውሱ።

የሚሉትን ለአንድ ሰው ያውሩት

ብዙዎቻችን መናገር አለብህ ስንባል ወረቀት አንስተን ድርሰት እንጽፋለን። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ለዓይን የተጻፈ ዓረፍተ ነገር አፍ ላይ ይከብዳል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ከመጻፍዎ በፊት ለእህትዎ፣ ለባለቤትዎ ወይም ለጓደኛዎ ቡና እየጠጡ ያውሩት፦ «ቅዳሜ ስለ ውኃ መስመሩ ልናገር ነው፤ የምለው ይኸውልሽ…» ብለው ይጀምሩ። የምትሰማዎ ሰው የት ላይ እንደምትጠይቅ፣ የት ላይ እንደምትስቅ፣ የት ላይ ስልኳን እንደምታነሳ ልብ ይበሉ። ያን ጊዜ ከአፍዎ የወጡት ቃላት ናቸው ንግግርዎ። በስልክዎ ቢቀዱት ደግሞ የተሻለ ነው።

ከዚያ በኋላ ብቻ ይጻፉ፤ እሱንም መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ቁልፍ ቃላትን ብቻ። በቃል የሚያዙት የመክፈቻው ሁለት ዓረፍተ ነገርና የመዝጊያው አንድ ይሁን፤ መካከሉን ይንገሩት እንጂ አይሸምድዱት። የሸመደደ ሰው አንዲት ቃል ስትጠፋው የቀረውም አብሮ ይጠፋዋል።

ስለ አነጋገር ዘይቤም አንድ ነገር ልበል፤ ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነውና። የወሎ ልጅ አዲስ አበባ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ፣ ደሴ ላይ እንኳ ከተጋባዥ ኃላፊ ፊት ሲቆም፣ «ሰምቸ» የሚለውን «ሰምቼ» እያለ ሲያስተካክል ይሰማል። ግማሹ ሐሳቡ እርማቱ ላይ ስለሚያልቅ ለጉዳዩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እናትዎ ያስተማሩዎት ዘይቤ ለማንም የሚገባ አማርኛ ነው። ሌላ አካባቢ የማይታወቅ ቃል ካለ በሚታወቀው ይተኩት፤ ዜማውን ግን አይንኩት። አርጎብኛ ወይም ኦሮምኛ የአፍ መፍቻዎ ከሆነና በአማርኛ የሚናገሩ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ቀስ ይበሉ እንጂ አይፈሩ።

በዕለቱ

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ መድረክ ላይ መውጣት አይመከርም። ቡና ልብን ያስመታል፤ እርስዎም ያንን ፍርሃት ብለው ይተረጉሙታል። ሲኒዋን አንድ ላይ ያቁሟት። ጫት ለምርቃና ብለው የሚይዙም አሉ፤ እሱም የልብ ምትን ይጨምራል፣ አፍን ያደርቃል፣ ንግግርንም ያፋጥናል። በዚያ ቀን ይተዉት።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከኮምቦልቻ ወይም ከባቲ ወጥተው፣ ከመኪና ወርደው፣ ደረጃ በፍጥነት ወጥተው ቀጥታ ማይክ ከያዙ የሚያጥርዎ ትንፋሽ የፍርሃት ብቻ ላይሆን ይችላል። ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ ይቀመጡ፤ ውኃ ይጠጡ። ባዶውን አዳራሽ ወይም ድንኳን ዞር ዞር ብለው ይዩት፣ ከተቻለም ማይኩን ይሞክሩት። ነጠላ ወይም ሻርፕ ከትከሻ የሚንሸራተት ከሆነ ቤት ሳሉ በመርፌ ቁልፍ ያስይዙት፤ አንድ እጅ ልብስ ሲያስተካክል ከዋለ ሐሳብም ይበተናል።

ተራዎ ሲቃረብ አየር በአፍንጫ ይሳቡና ከሳቡት ረዘም አድርገው በዝግታ ያውጡት። ይህን ጥቂት ጊዜ ይድገሙት። ረጅም አወጣጥ የልብን ምት ያረግባል። «ተረጋጋ» ብሎ ራስን መቆጣት ግን እምብዛም አይሠራም። የሃርቫርዷ ተመራማሪ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከንግግር በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት በተሻለ ተናግረዋል። የልብ ምቱን ማጥፋት ስለማይቻል ስሙን መቀየር ይቀላል።

አከፋፈቱ

እዚህ ላይ የወሎ ሰው የተሰጠው ጸጋ አለ። መንዙማ ሲወጣ ተቀባዩ በሚቀበልበት ጊዜ አውጪው ትንፋሹን ይሰበስባል። እርስዎም ሰው የሚመልስልዎትን ነገር ይዘው ይክፈቱ። የዕድር ወይም የሰርግ ንግግር ከሆነ አጭር ምርቃት፦ «ፈጣሪ ሰላማችንን ያብዛልን» ይበሉ፤ «አሚን! አሜን!» ሲባል ይተንፍሱ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን በሚቀመጥበት አገር ይህ ለማንም አይጎረብጥም። የዩኒቨርሲቲ ጥናት ገለጻ ወይም የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ከሆነ ሰላምታና አንድ ቀላል ጥያቄ ይበቃል፦ «ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል?» መልሱ እስኪመጣ ዝም ይበሉ። «ይቅርታ፣ ንግግር አልችልም» ብለው ግን አይጀምሩ፤ ትሕትና ቢመስልም አድማጭ ስሕተት እንዲፈልግ ይጋብዘዋል።

ዓይንዎ የት ይረፍ?

«አድማጭን ዓይን ዓይኑን ተመልከት» የሚለው የተለመደ ምክር ለእኛ እንዳለ አይሠራም። ታላቅን አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ሲሞክረው ይበልጥ ይደናገጣል። ሽማግሌዎቹን በመግቢያው ጎንበስ ብለው እጅ ይንሱ። ከዚያ ከቀኝ፣ ከግራና ከመካከል አንዳንድ ፊታቸው የፈታ ሰው ይምረጡና ለእነሱ ያውሩ። የቀረው ሰው ለእሱም የተነገረ ይመስለዋል።

ሐሳቡ ቢጠፋዎ

ይቁሙ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግመው ይበሏት፣ ወረቀቷን ይዩ፣ ይቀጥሉ። ለእርስዎ የረዘመው ዝምታ ለአድማጭ አጭር ነው። እንባ ቢመጣም፣ በተለይ በለቅሶ ወይም በልጅ የትምህርት ምረቃ ላይ፣ አይሸሽጉት፤ ጠብቀው ይቀጥሉ።

ፍርሃቱ ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር፣ ከሥራ የሚያሸሽና ወራት የዘለቀ ከሆነ ግን ከምክር ያለፈ ነው፤ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ይሂዱ፣ ሕክምና አለው። ልብ የሚያረጋጋ ክኒን፣ ለምሳሌ ፕሮፕራኖሎል፣ ከጓደኛ ተቀብለው አይዋጡ፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ከዚያ በኋላ

ንግግሩ እንዳለቀ ለሚያምኑት አንድ ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ የቱ ቦታ ገባህ? የቱ ቦታ ጠፋህ? «ጥሩ ነበር» የሚለውን መልስ አይቀበሉ። ከዚያ ሳምንታት ሳያልፉ ሌላ ትንሽ ዕድል ይፈልጉ። በዕድሩ የወሩን ሒሳብ ማንበብ፣ እንግዳ ማስተዋወቅ፣ በስብሰባ መጨረሻ ማመስገን ይቻላል። ሰብሳቢውን ቀድመው «ይህችን ለእኔ ይተዉልኝ» ይበሏቸው።