ኮምቦው ይቆይ፣ መጀመሪያ ዘላዩን አስቁሙት

ስትሪት ፋይተር 6 (የድብድብ ቪዲዮ ጌሙ) ላይ ረጅም ኮምቦ፣ ማለትም ተከታታይ ምቶች፣ ስትሸመድዱ አምሽታችሁ፣ ኦንላይን ስትገቡ ዝም ብሎ እየዘለለ የሚመጣ ሰው የሚጠርጋችሁ ከሆነ ይቺን ሞክሯት።

ትሬኒንግ ሞድ (የጌሙ መለማመጃ ክፍል) ውስጥ ተቃራኒያችሁ ላይ ሦስት ነገር ቅዱበት፦ ወደ ፊት ዘሎ መምታት፣ ተራምዶ መጥቶ መያዝ፣ ወዲያ ወዲህ እያለ መቆም። ሦስቱንም በዘፈቀደ እንዲያጫውት አድርጉት። የናንተ ሥራ አንድ ብቻ ነው፣ ሲዘል መምታት። በሪዩ (ከጌሙ ተፋላሚዎች አንዱ) የምትጫወቱ ከሆነ ወደ ታች ይዛችሁ ከባዱን ቡጢ ተጫኑ። ሾርዩከኑ (እየዘለለ ወደ ላይ የሚመታው የሪዩ ልዩ ቡጢ) ለጊዜው ይቅር፤ እጅ ሲቸኩል ይከሽፋል። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።

ለምን ይሠራል? ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ነው የሚሄደው። አንድ ዝላይ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ስለሚፈጅ አይቶ ለመመለስ ጊዜ አለ። ችግሩ ጣታችን አይደለም፣ ዓይናችን ነው፤ ብዙዎቻችን ስንጫወት የምናየው የራሳችንን ሰውዬ ነው (እኔም ድሮ እንደዛው ነበርኩ)። ዓይናችሁን ተቃራኒው ላይ ትከሉ፣ እንዲያውም ከአናቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ቢሆን ይሻላል። ሁለት ሦስቴ ከአየር ላይ ካወረዳችሁት በእግሩ መምጣት ይጀምራል፣ ያኔ ነው ያ የሸመደዳችሁት ኮምቦ ሥራ የሚያገኘው።

ግን አናታችሁን አልፎ ከጀርባ የሚያርፍ ዝላይ ላይ አትሞክሩት፣ ቡጢው ይስታል። እሱን አቅጣጫ ቀይራችሁ ተከላከሉት።