የቅርጫት ኳስ ኮከቦችን ዋንጫ በአጋርና በተጋጣሚ ሚዛን ማወዳደር፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ሮበርት ሆሪ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ማይክል ጆርዳን ደግሞ ስድስት ጊዜ። ሆሪ ከጆርዳን ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ዋንጫ መቁጠር ብቻውን የትም እንደማያደርስ ሁሉም ሰው ያውቃል ማለት ነው፤ ወሬው ስለ ጆርዳንና ስለ ሌብሮን ጀምስ፣ ወይም ስለ ቢል ራስልና ስለ ካሪም አብዱልጀባር ሲሆን ግን ያው ቁጥር ክርክሩን የሚዘጋ ማስረጃ ሆኖ ብቅ ይላል። የፍጻሜ ጨዋታ ለማየት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ ሰው በማግስቱ ለሚያደርገው ክርክር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ይገባዋል። ከዚህ በታች የማቀርበው እኔ የምሠራበትን መንገድ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመው ሁለት ጥያቄዎችን ይለያዩ። አንደኛው «ይህ ዋንጫ ምን ያህል ከባድ ነበር?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «በዋንጫው ውስጥ የተጫዋቹ ድርሻ ምን ያህል ነበር?» የሚለው ነው። አብዛኛው ሙግት መቋጫ የሚያጣው አንዱ ተከራካሪ የመጀመሪያውን ሲጠይቅ ሌላው ሁለተኛውን ስለሚመልስ ነው። ኬቪን ዱራንትን ለምሳሌ እንውሰድ። በ2016 የእሱ ኦክላሆማ ሲቲ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስን አራት ድል በሚጠይቀው የምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 እየመራ ተሸነፈ፤ ዱራንትም በዚያው በጋ በመደበኛው የውድድር ዘመን 73 ጨዋታ ወዳሸነፈው ወደዚያ ቡድን ተዛወረ። በቀጣዩ ዓመት ዋሪየርስ በጥሎ ማለፉ 16 አሸንፎ አንድ ብቻ በመሸነፍ ዋንጫውን ወሰደ። ዱራንት በ2017ም በ2018ም የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ስለተመረጠ በድርሻ ረገድ የሚነቀፍበት ነገር የለም። በክብደት ረገድ ግን እነዚያ ሁለት ዋንጫዎች ከዝርዝሩ ግርጌ አካባቢ ይቀመጣሉ። ሁለቱ ፍርዶች እርስ በርሳቸው አይጋጩም።

ቀጥሎ ወረቀት ይያዙና ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሳይሆን ለእያንዳንዱ ዋንጫ አንድ መስመር ይስጡ። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ብዙ ነገር ያስተካክላል። ካሪም በ1971 ከሚልዋኪ ጋር ሲያሸንፍ የቡድኑ ምሰሶ ነበር፤ በ1988 ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር ስድስተኛውን ሲወስድ ግን የ41 ዓመት ሰው ነበርና ሸክሙ በማጂክ ጆንሰንና በጄምስ ዎርዚ ትከሻ ላይ ነበር። የሌከርሱ ኮቢ ብራያንትም እንዲሁ ነው፤ ከ2000 እስከ 2002 በተከታታይ በተወሰዱት ሦስት ዋንጫዎች የፍጻሜው ኮከብ ሻኪል ኦኒል ሲሆን፣ በ2009ና በ2010 ግን ክብሩ የራሱ የኮቢ ነበር። «አምስት ዋንጫ» ብሎ በአንድ ቃል መጥራት ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። በነገራችን ላይ የፍጻሜው ኮከብ ሽልማት የተጀመረው በ1969 ስለሆነ፣ ሽልማቱ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ራስል ራሱ አንድም ጊዜ አልተሸለመም፤ በዚህ ሽልማት ቁጥር ራስልን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ካጋጠመዎት ይህን ያስታውሱት።

ወደ አጋሮች ስንመጣ፣ ዋናው ደንብ ስምን ሳይሆን የዚያን ዓመት ብቃት መመዘን ነው። የ2004ቱ ሌከርስ ከሻኪልና ከኮቢ በተጨማሪ ካርል ማሎንንና ጌሪ ፔይተንን አሰልፎ ነበር። በወረቀት ላይ አራት ታላላቅ ስሞች ናቸው፤ ሜዳ ላይ ግን ማሎን 40 ዓመት የሞላውና ጉልበቱን የታመመ፣ ፔይተንም 35 ዓመት የሆነው ተጫዋች ስለነበር፣ እንደ እነሱ የገነነ ኮከብ ያልነበረው ዲትሮይት ፒስተንስ 4 ለ 1 አሸነፋቸው። የዚህ ተቃራኒ የ2003ቱ ሳን አንቶኒዮ ነው። ዴቪድ ሮቢንሰን፣ ቶኒ ፓርከርና ማኑ ጂኖቢሊ የሚሉትን ስሞች የሰማ ሰው ቲም ደንከን በኮከብ የተከበበ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሮቢንሰን ሊሰናበት የመጨረሻ ዓመቱን እየተጫወተ ነበር፣ ፓርከር ገና ሃያ አንደኛ ዓመቱን መያዙ ነበር፣ ጂኖቢሊም በሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። በዚያ ዓመት ከቡድኑ የሊጉ ምርጦች ለሚጋጠሙበት የኦል ስታር ጨዋታ የተመረጠው ደንከን ብቻ ነው። ስለዚህ በወረቀትዎ ላይ ከእያንዳንዱ አጋር ስም አጠገብ ዕድሜውንና በዚያው ዓመት ኦል ስታር መሆን አለመሆኑን ይጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ ስውር ወጥመድ አለ። የአጋር ዝና ብዙ ጊዜ ከዋንጫው በፊት የነበረ ሳይሆን ከዋንጫው የተወለደ ነው። በቦስተን ሴልቲክስ ከራስል ጋር የተጫወቱት በርካታዎቹ የቅርጫት ኳስ ታላላቆች በሚዘከሩበት በስፕሪንግፊልዱ የዝና አዳራሽ ውስጥ ስማቸው ሰፍሯል፤ «በእነዚህ ሁሉ ታላላቆች መካከል ማንም ያሸንፍ ነበር» የሚለው ሙግት የሚነሳውም ከዚህ ነው። ይሁንና አንዳንዶቹ ወደ አዳራሹ የገቡት ራስል ከኋላ እየተከላከለ በር ዘግቶላቸው ደጋግመው ሻምፒዮን በመሆናቸው ጭምር ነው። ውጤቱን መልሶ መንስኤ ማድረግ ሚዛን አይሆንም። በጆርዳን አጋር በስኮቲ ፒፔንም ላይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በ1987 ወደ ቺካጎ የመጣው ያልታወቀ ወጣት ሆኖ ነው፤ ያደገውም በየልምምዱ ከጆርዳን ጋር እየተጋፋ ነው። ሆኖም ጆርዳን የመጀመሪያ ዋንጫውን ባነሣበት በ1991 ሜዳ ላይ የነበረው ያደገው ፒፔን ስለሆነ፣ ጆርዳን ያለ እሱ አንድም ዋንጫ አለማንሳቱን አምኖ የመቀበል ግዴታ አለብን።

አጋሮችን ለመመዘን ከሁሉ የሚጥመኝ ፈተና ኮከቡ ሲጎድል የሚታየው ነው። የቺካጎው ቡድን ቡልስ በ1992-93 ከጆርዳን ጋር 57 ጨዋታ አሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ጆርዳን ጫማውን ሰቅሎ ሳለ 55 አሸነፈ፣ በሁለተኛው ዙርም ከኒው ዮርክ ጋር እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ታገለ። ክሊቭላንድ በበኩሉ በ2009-10 ከሌብሮን ጋር 61 አሸንፎ፣ እሱ በሄደ ማግስት 19 ብቻ አሸነፈ። ልዩነቱ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ሳይመረመር መዋጥ የለበትም። ቡልስ በዚያው ዓመት ቶኒ ኩኮችንና ስቲቭ ከርን አምጥቶ ነበር፤ ከክሊቭላንድም የወጣው ሌብሮን ብቻ አልነበረም። ፈተናው የሚነግረን ጆርዳን ከሻምፒዮናዎቹ ጀርባ ብርቱ ቡድን እንደነበረው፣ ሌብሮን ደግሞ በመጀመሪያው የክሊቭላንድ ቆይታው ሸክሙን ብቻውን ሊባል በሚችል ሁኔታ መሸከሙን ነው። ማን እንደሚበልጥ አይነግረንም። 55 ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ዋንጫ አላነሳም፤ በጥሩ ቡድንና በሻምፒዮን መካከል ያለው ያ ክፍተት ራሱ የጆርዳን ድርሻ ነው።

አሰልጣኝን በአንድ መስመር ማለፍ ይበቃል፦ ፊል ጃክሰን በአሰልጣኝነት ካገኛቸው 11 ዋንጫዎች ስድስቱ ከጆርዳን ጋር፣ አምስቱ ከኮቢ ጋር ስለሆኑ፣ እነዚህን ሁለቱን ሲያወዳድሩ ጃክሰን በሁለቱም ሚዛን ላይ ስላለ ይጣፋል፤ ከሌብሮን ጋር ሲያወዳድሩ ግን አይጣፋም።

የተጋጣሚው ጥንካሬ ሰፊ ጉዳይ ነው። ዘመንን ከዘመን ለማነጻጸር መጀመሪያ የውድድሩን ቅርጽ ይመልከቱ። ራስል በ1956 ሲመጣ ሊጉ ስምንት ቡድን ብቻ ነበረው፤ በ1957 ሴልቲክስ ሻምፒዮን ለመሆን በሁለት ዙር ሰባት ድል በቃው። ጆርዳን ለእያንዳንዱ ዋንጫ በአራት ዙር 15 ድል ያስፈልገው ነበር፤ ከ2003 ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያው ዙርም በአራት ድል የሚጠናቀቅ ስለሆነ 16 ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት የራስል ዋንጫዎች የቀለሉ ይመስላሉ፤ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ያቆማል። ስምንት ቡድን ብቻ ሲኖር ግን የአገሩ ምርጥ ተጫዋቾች በስምንት ቡድን ተጨምቀው ስለሚገኙ ደካማ ተጋጣሚ ብርቅ ነው፤ ራስልም ተቀናቃኙን ዊልት ቼምበርሊንን የሚገጥመው በዓመት ብዙ ጊዜ ነበር። በሌላ በኩል የዚያ ዘመን ሊግ ለጥቁር ተጫዋቾች በሩን የከፈተው ገና በ1950 ሲሆን፣ ከአሜሪካ ውጭ የሚመጣ ተጫዋችም እምብዛም አልነበረም። ዛሬ ግን ከግሪክ ያኒስ አንቴቶኩምፖ፣ ከሰርቢያ ኒኮላ ዮኪች፣ ከካሜሩን ጆኤል ኤምቢድ የዓመቱ ኮከብ ተብለዋል። ተጫዋች በገዛ ፈቃዱ ቡድን መቀየር የማይችልበት ዘመን መሆኑም ሴልቲክስ ሳይበተን እንዲቆይ ረድቶታል። ሁሉንም ደምሬ ስመዝነው፣ የራስልን 11 ዋንጫ አንድ በአንድ ከዛሬዎቹ ጋር እኩል አልቆጥርም፤ ግን በግማሽ የሚቀንሱትም ተሳስተዋል። በተለይ የ1969ኙ ለብቻው መታየት አለበት፦ በምሥራቁ አራተኛ ሆኖ የጨረሰው ሴልቲክስ፣ የ35 ዓመቱ ራስል እየተጫወተም እያሠለጠነም፣ ቼምበርሊንን፣ ጄሪ ዌስትንና ኤልጂን ቤይለርን ያሰባሰበውን ሌከርስ በሰባተኛው ጨዋታ በሎስ አንጀለስ 108 ለ 106 አሸነፈ።

ከዘመኑ ቅርጽ በኋላ ወደ እያንዳንዱ ተጋጣሚ ይውረዱ። በመደበኛው ውድድር ስንት እንዳሸነፈ፣ በአማካይ በስንት ነጥብ ልዩነት እንዳሸነፈ፣ በተከታታዩ ጨዋታ ማን እንደተጎዳበት ይጻፉ። የነጥብ ልዩነት ከድል ቁጥር ይልቅ ጥንካሬን በተሻለ ይናገራል፤ በአንድ ነጥብ የተገኘ ድልና በሃያ ነጥብ የተገኘ ድል በሰንጠረዥ ላይ እኩል ናቸውና። የጉዳት ዓምድን ለሚወዱት ተጫዋችም ሳይቀር በሐቅ ይሙሉ። ሌብሮን በ2015 ሲሸነፍ ካይሪ ኧርቪንግና ኬቨን ላቭ ተጎድተውበት ነበር ብለው ከጻፉ፣ በ2020 ሲያሸንፍም ከማያሚ በኩል ጎራን ድራጊችና ባም አደባዮ መጎዳታቸውን መጻፍ ይጠበቅብዎታል።

«ጆርዳን በፍጻሜ 6 ለ 0፣ ሌብሮን 4 ለ 6» የሚለውን ንጽጽር ወረቀትዎ ላይ አያስገቡ። ፍጻሜ ላይ መሸነፍ ከፍጻሜ በፊት ከመሸነፍ የባሰ ጥፋት የሚሆንበት ምክንያት የለም። ጆርዳን ከ1985 እስከ 1987 በመጀመሪያው ዙር፣ ከ1988 እስከ 1990 ደግሞ በዲትሮይት ተሸንፎ ወጥቷል፤ እነዚያ ሽንፈቶች ከፍጻሜ በፊት ስለደረሱ ብቻ ከመዝገብ አይፋቁም። ሌብሮን በ2007 ሌላ ኦል ስታር የሌለበትን ቡድን ፍጻሜ አድርሶ በሳን አንቶኒዮ 4 ለ 0 መረታቱ፣ በእኔ እይታ፣ ፍጻሜ ካለመድረስ ይበልጣል።

መንገዱን በተግባር ለማሳየት ብዙ ጊዜ «ከባድ» የሚባሉትን ሁለት ዋንጫዎች ላስቀምጥ። በ2016 ክሊቭላንድ በፍጻሜው የገጠመው 73 አሸንፎ 9 ብቻ የተሸነፈ ቡድን ነው፤ 3 ለ 1 ከመመራት ተነሥቶ ማሸነፍም በፍጻሜ ታሪክ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ሌብሮን በተከታታዩ ጨዋታ በነጥብም፣ ሳይገባ የተመለሰ ኳስ በመያዝም (ሪባውንድ)፣ ለግብ አመቻችቶ በማቀበልም ከሁለቱም ቡድኖች አንደኛ ነበር፤ የድርሻው ዓምድ ሞልቶ ይፈስሳል። በጉዳት ዓምድ ግን ድሬይመንድ ግሪን በአምስተኛው ጨዋታ መታገዱና አንድሩ ቦገት ተጎድቶ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አለመጫወቱ ይጻፋል፤ በመንገዱ ዓምድም ዲትሮይትንና አትላንታን 4 ለ 0፣ ቶሮንቶን 4 ለ 2 አሸንፎ ማለፉ፣ ማለትም እስከ ፍጻሜ ድረስ እምብዛም አለመፈተኑ ይሰፍራል።

የ1995ቱ ሂውስተን ሮኬትስ መስመር ሌላ መልክ አለው። በሌጎስ የተወለደው ሃኪም ኦላጁዎን የሚመራው ይህ ቡድን 47 አሸንፎ በምዕራቡ ስድስተኛ ሆኖ ስለጨረሰ፣ በአንዱም ዙር ብዙውን ጨዋታ በገዛ ሜዳው የማድረግ ዕድል አልነበረውም። 60 ያሸነፈውን ዩታን ከ2 ለ 1 መመራት ተነሥቶ፣ 59 ያሸነፈውን ፊኒክስን ከ3 ለ 1 መመራት ተነሥቶ፣ 62 ያሸነፈውንና የዓመቱን ኮከብ ሮቢንሰንን የያዘውን ሳን አንቶኒዮን 4 ለ 2፣ 57 ያሸነፈውን ኦርላንዶን ደግሞ 4 ለ 0 አሸነፈ። ከአጋሮቹ ትልቁ ስም በየካቲት የመጣው የ32 ዓመቱ ክላይድ ድሬክስለር ነበር። የመጨረሻው ተጋጣሚ የከበደው በ2016 ነው፤ መንገዱ በሙሉ የከበደው ግን በ1995 ስለሆነ፣ በክብደት ዓምድ ሂውስተንን አስቀድማለሁ። «ያኔ ጆርዳን አልነበረም» የሚል ተቃውሞ ከተነሣ፣ እሱ ሂውስተን ለወሰደው ለ1994ቱ ዋንጫ ይሠራል። በ1995 ጆርዳን በመጋቢት ተመልሶ ነበር፤ ቡልስንም በሁለተኛው ዙር 4 ለ 2 ያስወጣው ኦርላንዶ ነው፤ ሂውስተን በፍጻሜው አራት ለባዶ የረታውም ያንኑ ኦርላንዶን ነው።