እያወራችሁ ሩጡ

ሩጫ ጀምራችሁ በሁለተኛው ሳምንት ካቆማችሁ፣ ችግሩ ሳንባችሁ አይመስለኝም። ፈጥናችሁ ነው። ከጓደኛ ጋር ውጡና እያወራችሁ ሩጡ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ካቃታችሁ ቀስ በሉ፤ ካስፈለገም ትንሽ በእግር ሂዱ።

በዝግታ ስትሮጡ ሰውነት ስብ በደንብ ይጠቀማል፣ ጡንቻ ውስጥ ያለው ውስን ስኳር ቶሎ አያልቅም። ልብም በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ይለምዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እንጦጦ ላይማ ይብሳል! እዚያ ቀስ ማለት ስንፍና አይደለም። ታላላቅ አትሌቶቻችንም በቀላል ልምምድ ቀን ተከታትለው ዝግ ብለው ነው የሚሮጡት።

ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር የምትዘጋጁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የምትሮጡ ከሆነ ሁለቱን ቀን እንዲህ እያወራችሁ በዝግታ ሩጡ።