ኤልብፊልሃርሞኒ ስትሄዱ እነዚህን ተዉ

ሃምቡርግ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የኮንሰርት አዳራሹን፣ ኤልብፊልሃርሞኒን፣ ካላየሁ ይላል። የማስጎብኘቱ ሥራ ደግሞ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ይወድቃል። የሰለቸኝን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ማርፈድ። «አምስት ደቂቃ ቢያልፍ ምን አለበት» የምትሉ፣ ለእናንተ ነው። ትኬቱ 20፡00 ካለ በሩ በሰዓቱ ይዘጋል። ባውምቫል ጣቢያ ከባቡር ወረዳችሁ ማለት ደረሳችሁ ማለት አይደለም። ትንሽ በእግር ትሄዳላችሁ። ከዚያ 82 ሜትር የሚረዝም ኤስካሌተር አለ፤ መሃሉ ጎበጥ ስላለ ከታች ሆናችሁ መጨረሻው አይታያችሁም። ቀጥሎ ሌላ ኤስካሌተር። ፕላዛው ላይ፣ ማለትም ከተማው የሚታይበት ሰገነት ላይ፣ ስትወጡ ከመሬት 37 ሜትር ከፍ ብላችኋል፤ ወደቡ ከፊታችሁ ነው፣ ሁሉም ስልኩን ያወጣል። አዳራሹ እኮ ገና ከላይ ነው! ደረጃ አለ፣ ኮት ማስቀመጥ አለ፣ ሽንት ቤት አለ። ከፍራንክፈርት የመጡ ወዳጆቼ «ደርሰናል፣ ታች ነን» ብለው ሲደውሉልኝ 19፡55 ነበር። እስኪያስገቧቸው ድረስ ውጭ ቆመው ጠበቁ፤ ያን ሁሉ ብር ከፍለው! የሠርግ ጥሪ አይደለም እኮ። 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ኑ።

የአዳራሹን ስም አንብቡ። ኤልብፊልሃርሞኒን የሚያስተዳድረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተውን ላይስሃለ የሚባል የኮንሰርት አዳራሽም ያስተዳድራል። እሱ ደግሞ ሌላ ሰፈር ነው። ተሳስቶ የመጣ ሰው በዚያ ሰዓት ሲሮጥ ማየት ያሳዝናል።

የፕላዛ ትኬት ኮንሰርት አያስገባም። የኮንሰርት ትኬት ግን ፕላዛውንም ያስገባል፤ ሁለቱንም አትግዙ።

ወንበር ስትመርጡ ርቀት አያስጨንቃችሁ። 2,100 ያህል ወንበር ቢኖርም ከኦርኬስትራው መሪ ከ30 ሜትር በላይ የሚርቅ የለም። መድረኩ መሃል ነው፣ ተመልካቹ ዙሪያውን ይቀመጣል። ለኦርኬስትራ ከሆነ ከመድረኩ ኋላ መቀመጥን እኔ እወደዋለሁ፤ የመሪውን ፊት ታያላችሁ። ዘፋኝ ካለ ግን ተዉት፤ ጀርባውን ሰጥቷችሁ ነው የሚዘፍነው። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ቴነሩ (በቀጭን የወንድ ድምፅ የሚዘፍነው) ዮናስ ካውፍማን ሲዘፍን «አይሰማም!» ብለው የጮኹ ነበሩ። ርካሽ ወንበር አግኝተን ነበር የምትሉኝ እንግዲህ ይኸው ነው።

ከረሜላ በፌስታል ይዛችሁ አትግቡ። ግድግዳውና ጣሪያው 10,000 በሚሆኑ የጂፕሰም ሰሌዳዎች የተሸፈነ ነው፤ ቅርጻቸው አንዱ ካንዱ አይገጥምም፣ ድምፅ በየወንበሩ እንዲደርስ ተብሎ። የእናንተም ኮሽታ አብሮ ይደርሳል።

ለማጨብጨብ አትቸኩሉ። አንድ ሥራ ብዙ ክፍል ሊኖረው ይችላል። መሪው እጁን አውርዶ ወደ እናንተ እስኪዞር ጠብቁ። ጀማሪ ቀድሞ ቢያጨበጭብ ግን እኔ አልቆጣም፤ ደስ ብሎት ነው።

በመኪና አትምጡ። የኮንሰርት ትኬታችሁ የከተማውን ባቡርና አውቶቡስ ያሳፍራል፤ ትኬቱ ላይ ተጽፏል። እንግዶቼ ግን ለባቡር ሌላ ትኬት ገዝተው ይመጣሉ።