ሠራተኛው አዲሱን ሲስተም አልጠቀም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የንብረት፣ የሰው ኃይል ወይም የማህደር ሲስተም ከተተከለ በኋላ «ሠራተኛው አልለመደውም» ተብለው ለሚጠሩ የአይሲቲ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ኮምፒውተሩ መሥራቱን፣ ኔትወርክ መኖሩንና ዩዘር መከፈቱን አስቀድማችሁ እንዳያችሁ አድርጌ እጽፋለሁ። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ተጠርቼ እንዳየሁት «አልለመደውም» የሚለው አባባል የምልክቱ ስም እንጂ የመንስኤው ስም አይደለም።

ምልክት፦ መረጃው ሲስተሙ ውስጥ አለ፤ የሚገባው ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው።

ደጋግሜ የማገኘው ይህን በመሆኑ በሰፊው እገልጸዋለሁ። ሲስተሙ ሲከፈት ባዶ አይደለም፤ ሪፖርትም ይወጣል። ነገር ግን ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) የተቆረጠበትን ቀንና ሲስተሙ ራሱ የያዘውን የምዝገባ ሰዓት ጎን ለጎን ብታስተያዩ፣ የሰኞውም የረቡዑም ገቢ ዓርብ ከቀኑ 10:00 እስከ 11:30 ባለው ጊዜ በተከታታይ መመዝገቡን ታገኛላችሁ። ሥራው የሚሠራው አሁንም በወረቀት ነው፤ ሲስተሙ የሳምንቱ መጨረሻ ግልባጭ ሆኗል። ሁለት መዝገብ የያዘ ሰው ደግሞ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ፊርማ ያረፈበት ነው።

እኔም ለረጅም ጊዜ መንስኤው የሥልጠና ማነስ ይመስለኝ ስለነበር ያንኑ ሠራተኛ መልሼ መላልሼ አሠለጥን ነበር። ሐሳቤን ያስለወጡኝ በአንድ ወረዳ ግምጃ ቤት ይሠሩ የነበሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው እናት ናቸው። «እትዬ፣ ኪቦርዱን ከእኔ በላይ ለምደውት ሳለ ወረቀቱን ለምን አይተዉትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ ጉድለት ሲመጣ ፍርድ ቤት የሚያቆሙት ይህን ሳጥን አይደለም፤ እኔን ነው። ያን ጊዜ የተረካቢው ፊርማ የታለ ቢሉኝ ምን አሳያለሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የተከልነው ሲስተም ወጪውን ይመዘግባል እንጂ ተረካቢ የሚፈርምበትን ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) አያትምም ነበር። ለማስረከብ ብቻ ተብሎ የተሠራ ሲስተም ማለት ይህ ነው፤ ሠሪዎቹ አንድ ቀን እንኳ ግምጃ ቤት ውለው ቢሆን ኖሮ ይህን አይዘነጉትም ነበር።

ሁለተኛው መንስኤ የሚገኘው በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። በአንድ ሌላ መሥሪያ ቤት ኃላፊው ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስበው «ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት የለም» ብለው ሲያበቁ፣ ከምሳ በኋላ በተላላኪ «የነዳጁን መዝገብ ይዘህ ና» ብለው አስጠሩ። ሠራተኛው የሰማው የጠዋቱን ንግግር ሳይሆን የከሰዓቱን ትእዛዝ ነው። በወሩ መጨረሻ ስመለስ ኮምፒውተሩ ላይ የአቧራ መከላከያ ጨርቅ ለብሶበት አገኘሁት።

መፍትሄው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ሞዴል 19ም ሆነ ሞዴል 22 ከሲስተሙ ታትሞ፣ ፊርማና ቲተር አርፎበት በማህደር የሚቀመጥ መሆኑን አረጋግጡ፤ የማይታተም ከሆነ ሠሪው እስኪያስተካክል ሥራውን አቁሙ እንጂ «ለጊዜው» ብላችሁ አትጀምሩ። ቀጥሎ መዝገብ የሚዘጋበትን ቀን ቁረጡ። ከሁሉ የሚመቸው የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ነው፤ በሰኔ አትሞክሩት፣ ሂሳብ በመዝጋት የተወጠረ ሰው አዲስ ነገር አይማርም። በዚያ ቀን ዕቃው በእጅ ይቆጠራል፣ የተቆጠረው ልክ በመነሻነት ይገባል፣ በአሮጌው መዝገብ የመጨረሻ መስመር ሥር ተሰምሮ ቀንና ፊርማ ይደረግበታል፣ ማኅተም ይመታበታል። በመጨረሻም ኃላፊውን ለብቻቸው አስቀምጣችሁ አንዲት ሪፖርት ብቻ በራሳቸው እጅ መክፈትን አስተምሯቸው። ሁሉንም ለማሳየት አትድከሙ። አንዷን ራሳቸው ከከፈቱ መዝገብ ማስመጣቱን ይተዉታል።

ጥንቃቄ፦ ቆጠራው ሳያልቅ መዝገቡን አትዝጉ፤ የአሮጌው መዝገብ ስህተት ሁሉ የሲስተሙ ስህተት ተብሎ ይቆጠራል። ጥንቃቄ፦ መነሻውን ከቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ በእጅ ከሚጻፍበት ካርድ) ላይ ገልብጣችሁ አታስገቡ፤ ካርዱ ልክ ቢሆን ኖሮ ሲስተሙ ባላስፈለገ ነበር። ጥንቃቄ፦ የተዘጋውን መዝገብ አታስወግዱ፣ ኦዲተር ይጠይቀዋል። ጥንቃቄ፦ «ለማንኛውም» ተብሎ በጎን የሚያዝ ደብተር እንዳይኖር መሳቢያውን ሳይቀር እዩ። መብራት ሲጠፋ የሚጻፍበት ተከታታይ ቁጥር ያለው ጥራዝ ይፈቀዳል፤ እሱም መብራት በመጣበት ቀን ገብቶ ካላደረ ያው ሁለተኛ መዝገብ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ሥራ በአንድ ሰው ስም ተመዝግቧል።

ፓስወርዱ በኪቦርዱ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ባልነካው ወጪ ሲጠየቅ አይቻለሁ፤ በዓመት ፈቃድ ላይ እያለ ባልደረቦቹ በእሱ ዩዘር ሲሠሩ ከርመዋል። የተረፈው የፈቃድ ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ ስለነበረ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ የየራሱን ዩዘር ክፈቱ፣ ፈቃድ የሚወጣውን ሰው ዩዘር በዚያው ቀን ዝጉ።

ምልክት፦ ኤክሴል ቀኑን «ያበላሸዋል»።

ኤክሴል የእኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ላይ ከተተወ፣ የካቲት 5 ቀን 2016 ለማለት 05/06/2016 ብሎ የጻፈው ሠራተኛ ሳያውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይ 6 ቀን 2016ን አስገብቷል። የካቲት 20 ብሎ 20/06/2016 ሲጽፍ ግን 20ኛ ወር ስለሌለ ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 3 ደግሞ፣ 03/13/2016 ተብሎ ሲጻፍ፣ ማርች 13 ይሆናል። ለመለየት ዓምዱን ማየት ይበቃል፤ አሰላለፉ ካልተነካ፣ ወደ ቀኝ የተጠጉት ኤክሴል እንደ ቀን የዋጣቸው ናቸው፣ ወደ ግራ የቀሩት ጽሑፍ ናቸው። በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደሩ የሚዘበራረቁትም በዚህ ምክንያት ነው። መጻፍ ሳይጀመር ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሩና ዓመቱን አስቀድማችሁ 2016/06/05 እያላችሁ ጻፉ። ከተጻፈ በኋላ ብትቀይሩት በሜይ 6 ፈንታ 42496 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ በዚህ ደንግጦ ፋይሉን ያጠፋ ሰው አጋጥሞኛል።

ምልክት፦ «ሲስተሙ ስሙን አጠፋው።»

አላጠፋውም። አንዱ ኃይሉ፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ሐይሉ ብሎ ጽፎታል፤ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ወልደ ማርያም፣ ወልደማርያምና ወ/ማርያምም እንዲሁ ናቸው። ሠራተኛው ፈልጎ ሲያጣ እንደ አዲስ ይመዘግበዋል፤ አንድ ሰው ሦስት ማህደር ይኖረዋል፣ ከዚያም «መዝገቡ ይሻላል» ይባላል። በኤክሴል መፈለጊያ ላይ ?ይሉ ብላችሁ ብትጽፉ ሁሉንም ያመጣል። ዘላቂው መፍትሄ ግን በመለያ ቁጥር መፈለግና ስም ሲመዘገብ ከመታወቂያው ላይ ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው።

አሮጌ ደብዳቤ ሲከፈት በተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከታየ በቀድሞዎቹ የግእዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ ወደሚጠቀሙበት የፊደል አሠራር፣ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፣ ዳግመኛም በዚያ አይጻፍ። ዩፒኤሱ ደቂቃ ሳይቆይ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ሞቷል፤ ባትሪውን ቀይሩት እንጂ ለዚህ እኔን አትጥሩኝ።

ምልክት፦ በአሻራ ማሽኑ ላይ ቅሬታ በዛ።

አሻራቸው የማይነበብላቸው አብዛኛውን ጊዜ እጃቸው በሥራ የሻከረባቸው ናቸው፤ ከሁለቱም እጅ ሁለት ሁለት ጣት መዝግቡላቸው። ከዚህ የሚከፋው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ማሽኑ 07:30 ሲል ከጠዋቱ 1:30 ማለቱ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍሉ ይህን ከምሳ በኋላ 7:30 አድርጎ አንብቦት፣ ከሁሉ ቀድማ ትገባ በነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ላይ የግማሽ ቀን ደመወዝ ተቆርጦባት አገኘሁ። ለቀን ሠራተኞች ከማሽኑ ሰዓት ላይ 6 ሰዓት የሚቀንስ ዓምድ በሪፖርቱ ላይ ጨምሩ። ለጥበቃ ሠራተኞች ግን ማሽኑ ከ06:00 በፊት ያሳየው ሰዓት ላይ 6 መቀነስ ኤክሴልን ##### ያስጽፈዋል፤ እዚያ ላይ 6 ይደመራል፤ 05:00 ያለው ከሌሊቱ 11:00 ነው።