ጉልበታችሁን ካመማችሁ መጀመሪያ መቀመጫውን እዩ

ደብረ ብርሃን ብስክሌት ስጠግን ከሁሉ የሚበዛው ቅሬታ ይሄ ነው፦ «ስነዳ ጉልበቴን ያመኛል።» የት ጋ ስል እጃቸው የጉልበታቸው ሎሚ ላይ ያርፋል።

መንስኤው፦ መቀመጫው ዝቅ ብሏል። ሲቆሙ ሁለት እግራቸው መሬት እንዲነካ ብለው ያወርዱታል። ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመጣ ጉልበት ከልኩ በላይ ይታጠፋል፣ ጫናው ሁሉ ሎሚው ላይ ይወድቃል። ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አስተካክሉ።

መፍትሄው፦ ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ይበል። ከዚያ እንደ ወትሮው በእግር ፊት ስትረግጡ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ታጥፎ ይቀራል። በሜትር ለሚወድ፦ ከብሽሽት እስከ መሬት ያለውን በ0.883 አባዙ። 80 ሳንቲ ከሆነ 70.6 ይመጣል። ይሄ ከፔዳል መዞሪያው መሀል እስከ መቀመጫው አናት ነው፤ መነሻ ይሁናችሁ።

ከፍ ተደርጎም ህመሙ ከተመለሰ መቀመጫውን ተሸክሞ ፍሬሙ ቱቦ ውስጥ የሚገባውን ዘንግ ጠርጥሩ። አንድ ተማሪ ሦስት ጊዜ ተመላለሰብኝ። «ጋሼ፣ አሁንም ያው ነው» ይለኛል። በሦስተኛው ዘንጉ ላይ በሚስማር ምልክት ጫርኩና እስከ ጫጫ አብሬው ነዳሁ። ስንመለስ ምልክቱ የለም፤ ቱቦው ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ሰምጧል። ዘንጉን ሳወጣው በለስላሳ ጣሳ ቆርቆሮ ተጠቅልሏል! ቱቦው የሚፈልገው የዘንግ ውፍረት 27.2 ሚሊ፣ የሸጡለት 25.4። እንዲህ ያለ ሥራ ያናድደኛል፤ የልጅ ጉልበት ነው የሚበላው። ብሎኑን ደጋግሞ ማጥበቅም ክር ከመጨረስ በቀር አይረዳም። ልኩን ግዙ፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ላይ ተቀርጿል። ደግሞ ዘንጉ ላይ ያለውን የመጨረሻ ከፍታ ምልክት አሳልፋችሁ አታውጡት። የጣርማበርን ቁልቁለት ስትወርዱ ቢሰበር አስቡት።

ከጉልበት ጀርባ ካመመ መቀመጫው ከልኩ በላይ ከፍ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ርቋል። ዳሌ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘም ከልኩ በላይ ከፍ ብሏል። እጅ ከደነዘዘ የመቀመጫው አፍንጫ ወደ ታች አዘንብሎ ይሆናል። ብሽሽት ከደነዘዘ አፍንጫው ሽቅብ ሆኗል፤ ይሄን ችላ አትበሉ፣ ወዲያው ቁሙና አስተካክሉ።

ለገበያና ለሥራ ከተማ ውስጥ ለምትመላለሱ ከልኩ አንድ ሳንቲ ዝቅ ቢል አይጎዳም፣ መቆም ይቀላል። ለፍጥነት ግን ልኩ ላይ ይሁን፣ ትንሽም ወደ ፊት ይጠጋ። ከደብረ ሲና ሽቅብ የምትወጡ ደግሞ ወደ ኋላ የምትንሸራተቱ ከሆነ አፍንጫውን በጥቂቱ ዝቅ አድርጉ። ስትቀይሩ ከ5 ሚሊ በላይ በአንዴ አትቀይሩ፣ ጥቂት ቀን ነድታችሁ እዩት።

ለዚያ ተማሪ ልኩን ዘንግ ካስገባንለት በኋላ አዲስ ምልክት ጫርኩለት። እስካሁን ከቱቦው አፍ ላይ ንቅንቅ አላለም።