በጅማ የቡና መጋዘን ሴንሰር ሲተከል ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በየሰከንዱ የሚለካ አንድ ሴንሰር (እንደ ሙቀትና እርጥበት ያለውን የሚለካ መሣሪያ) በቀን 86,400፣ በዓመት ደግሞ ከ31 ሚሊዮን በላይ ልኬቶችን ይመዘግባል። ቢግ ዳታ የሚባለው ግዙፍ የመረጃ ክምችት በከፊል የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በጅማና በአካባቢዋ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) በሚከማችባቸው መጋዘኖች የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ለመትከል የሚያስቡ ባለሙያዎችና ተማሪዎች ትኩረታቸውን በትንተናው ፕሮግራም ላይ ያደርጋሉ፤ መረጃው ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ከምንጩ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ብዛት የመሣሪያን ጉድለት ይሸፍናል ብሎ ማመን ነው። ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ስህተት አማካይ ሲሰላ ይቀንሳል፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያደላው ግን በሚሊዮን ልኬትም አይጠፋም። ዲኤችቲ11 የተባለው ርካሽ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር በእርጥበት ልኬት 5 የመቶኛ ነጥብ ያህል ሊሳሳት ይችላል። የመጋዘኑ አየር አንጻራዊ እርጥበት 67 ከመቶ ሆኖ ሳለ 62 ብሎ ቢያሳይ፣ 12 ከመቶ ግድም እርጥበት እስኪቀረው የደረቀው ቡና እርጥበት መልሶ መሳብ መጀመሩን የሚያውቅ አይኖርም። የአየሩ እርጥበትና የፍሬው እርጥበት የተለያዩ ልኬቶች ስለሆኑም በአንድ ስም ሊመዘገቡ አይገባም።

መሣሪያውን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መስቀልም ሌላ ስህተት ነው፤ የሚለካው የቆርቆሮውን ግለት እንጂ በጆንያዎቹ መካከል ያለውን አየር አይደለም።

ከሁሉ የከፋው፣ በእኔ ግምት፣ የብልሽት ምልክትን እንደ ልኬት መቁጠር ነው። ዲኤስ18ቢ20 የተባለው የሙቀት ሴንሰር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ መለካት ሳይጀምር ከተነበበ 85 ዲግሪ ይሰጣል። በሰዓት 6 ጊዜ በሚመዘገብበት መጋዘን አምስቱ 22 ዲግሪ ሆነው አንዱ 85 ከሆነ፣ የሰዓቱ አማካይ 32.5 ይሆናል። ይህን ፈርቶ ያልተለመደውን ሁሉ መሰረዝ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ 1,013 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ሲሆን በጅማ ከፍታ ግን ከ820 እስከ 830 አካባቢ ነው፤ ለቆላ አገር የተዘጋጀ ማጣሪያ የጅማን ትክክለኛ ልኬት በሙሉ ይጥለዋል። ኒምበስ 7 ሳተላይት በአንታርክቲካ ላይ የመዘገባቸው ዝቅተኛ የኦዞን ልኬቶች አጠራጣሪ የሚል ምልክት ተደርጎባቸው ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የኦዞኑን መቀነስ ይፋ ያደረጉት ከምድር ሆነው የለኩ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ናቸው። ልኬቶቹ ስላልተሰረዙ ግን በኋላ ተመልሶ ማየት ተችሏል። ስለዚህ አጠራጣሪው ልኬት ምልክት ይደረግበት፤ አይሰረዝ።

ሰዓትም ያሳስታል። የመጋዘን ጠባቂው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ የጻፈው በስልኩ 8፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ደግሞ 5 ነው። ሦስቱ በአንድ ሰንጠረዥ ከተቀላቀሉ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከቀኑ ጋር ይምታታል። ምዝገባው በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሁን፤ ለአንባቢ ሲቀርብ ወደ አገሩ አቆጣጠር ይለወጥ።

ሁሉንም ልኬት ወደ ሰርቨር (መረጃ ወደሚሰበስበው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ለመላክ መሞከር ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ትርፉ ክፍተት ነው። የ10 ደቂቃ 600 ልኬቶች በቦታው ተሠርተው አማካያቸው፣ ዝቅተኛቸው፣ ከፍተኛቸውና ቁጥራቸው ብቻ ሊላኩ፣ ጥሬው ደግሞ በሚሞሪ ካርድ ሊቀመጥ ይችላል። ቁጥራቸው የሚላከው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከ600 ይልቅ 40 ከሆነ አማካዩን ማመን አይቻልም።

በመጨረሻም፣ የተበላሸ ሴንሰር በአዲስ ሲተካ የተተካበት ቀንና የአዲሱ መለያ ቁጥር ይመዝገብ። አለበለዚያ በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት በግራፉ ላይ የአየር ለውጥ መስሎ ይነበባል።